ስሙን ጠቅሰን ነው ያጋራነው

ቴሌግራም ላይ መጽሐፍ የሚለጥፉ ቻናሎችን የሚከታተል ሰው ይህን መልስ በቃሉ ያውቀዋል። ደራሲው ወይም የደራሲው ወዳጅ «መጽሐፉ ገና ገበያ ላይ ነው፤ እባካችሁ አጥፉልን» ብሎ ሲጽፍ፣ አድሚኑ «ስሙን ጠቅሰን ነው ያጋራነው» ይላል። ትንሽ ሲገፋ «በነጻ እኮ ነው» ይጨመርበታል። የባሰ ቀን ደግሞ «እኛ ባናስተዋውቅህ ማን ያውቅህ ነበር?» ይከተላል። እነዚህ መልሶች በመጽሐፍ፣ በድሮ ዘፈንና በሬዲዮ ትረካ አፍቃሪዎች መንደር እንደ መተዳደሪያ ደንብ ከተቆጠሩ ቆይተዋል። ባለሥራው በስሙ ከተጠራ፣ ሳንቲም ካልተጠየቀበትና በፍቅር ከተደረገ ነውር የለውም፤ ደንቡ ይኸው ነው። የሚያምኑበት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ከእኔም ከእናንተም በላይ ያነባሉ። ደንባቸው ግን ከሥሩ የተበላሸ ነው፤ ሕጉን ብንተወው እንኳ ራሳቸው በሚምሉበት በፍቅር ሚዛን አይቆምም።

ከፋይሎቹ አንዱን ከፍታችሁ ረጋ ብላችሁ እዩት። መጽሐፉ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ ተነስቷል። በግራ በኩል ገልጦ የያዘው አውራ ጣት አብሮ ገብቷል፤ ወደ ጥርዙ የተጠጉት ፊደላት ጎብጠው ለማንበብ ያስቸግራሉ። ሽፋኑ በደንብ ይታያል። የቅጂ መብቱ የማን እንደሆነ የሚናገረው፣ የደራሲው ስልክና ኢሜይል የሰፈረበት ገጽ ግን ብዙ ጊዜ ተዘልሏል። በምትኩ የቻናሉ አርማ በየገጹ ላይ ተጋድሟል። ከመጨረሻው ገጽ በኋላ የአድሚኑ ማሳሰቢያ አለ፤ ይዘቱ ከቻናል ቻናል እምብዛም አይለይም፦ ይህን ለናንተ ለማድረስ ብዙ ደክመናል፣ ወደ ሌላ ቦታ ስትወስዱት ሊንካችንን አትቁረጡ፣ ፎርዋርድ አድርጉ እንጂ አውርዳችሁ እንደ ራሳችሁ አትልቀቁ።

ክርክሩን ከዚህ ማሳሰቢያ መጀመር ይሻላል። የእነዚህ መንደሮች ሰዎች ስለ ባለቤትነት አያውቁም የሚለው ሐሜት ስሕተት ነው። አሳምረው ያውቃሉ። አንዱ ቻናል የሌላውን ፒዲኤፍ አርማውን ቆርጦ ሲለቅ የሚነሳውን ጠብ ማየት ይበቃል፤ «ሌቦች» ይባባላሉ፣ ስክሪንሾት ይለጠፋል፣ ተከታዩ በሁለት ወገን ተሰልፎ ይሞላለጫል። ድካም መብት እንደሚሰጥ ተስማምተዋል። ሳይጠይቁ መውሰድ ነውር እንደሆነ ተስማምተዋል። ስም መጥቀስ ብቻውን እንደማይበቃም ተስማምተዋል፤ «ከኛ ቻናል የተገኘ» ብሎ መጻፍ አያጠግባቸውም፣ ፎርዋርድ ይደረግልን ነው የሚሉት። የጎደለው ነገር ቢኖር ይህ ሁሉ ሥርዓት ለጸሐፊው አለመድረሱ ነው። አንድ ሌሊት ቁጭ ብሎ ገጽ ያነሳው ሰው ባለመብት ሆኗል፤ ዓመታት ፈጅቶ የጻፈው ስሙ ስለተጠራለት ያመስግን ተብሏል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚባለው እንግዲህ ለዚህ ነው። (የብራና ጸሐፍት በመጽሐፉ መጨረሻ የሰረቀውንም የፋቀውንም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል ያኖሩ ነበር። ገጽ ዘላዮቹን ቀድመው ያዩዋቸው ይመስላል።)

ስም መጥቀስና ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለየብቻ ነው ያስቀመጣቸው። በአንድ በኩል የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ የሞራል መብት አለ፤ በሌላ በኩል ሥራውን የማባዛት፣ የማሰራጨትና ለሕዝብ የማቅረብ የኢኮኖሚ መብት አለ። የመጀመሪያውን አክብሬያለሁና ሁለተኛውን ልውሰድ ማለት «ላሟ የእገሌ መሆኗን ለሰፈሩ ሁሉ እየተናገርኩ ነው የማልባት» እንደማለት ነው። «ይህ ፈረንጅ ያመጣብን ነው» የሚሉም አሉ። ከ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነት በአገሪቱ ሕግ ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል እንዳለው ቢያውቁ ይህን መከራከሪያ ይተዉት ነበር። በነገራችን ላይ የ1996ቱ አዋጅ ሲወጣ መብቱን ሆን ብሎ የጣሰን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል ብሎ ነበር። እኔ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ልብ ወለድ አጋራ ተብሎ ወህኒ ይውረድ አልልም፤ እንዲህ ያለ ቅጣት የሚመኝ ደራሲም አላጋጠመኝም። የምንነጋገረው ስለ ጨዋነት ነው፤ ጨዋነት ደግሞ ፖሊስ እስኪመጣ አይጠብቅም።

«በነጻ ነው» ወደሚለው እንምጣ። ለማን ነው ነጻ? ለአውራጁ፣ አዎ። ለቻናሉ ግን ብዙ ጊዜ ነጻ አይደለም። ተከታዩ ሲበዛ በሁለት መጽሐፍ መሐል የቪዛ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ የጫማ መደብር፣ የውርርድ ድርጅት ማስታወቂያ ይገባል። ቻናሉ ራሱም ከነተከታዩ ይሸጣል፤ «ቻናል እንገዛለን» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ያላየ የቴሌግራም ተጠቃሚ ያለ አይመስለኝም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌግራም ራሱ በብዙ አገሮች ከ1,000 ያላነሰ ተከታይ ላላቸው ይፋዊ ቻናሎች፣ በገጻቸው ላይ ከሚያወጣው ማስታወቂያ ገቢ ግማሹን ማካፈል ጀመረ። ተከታዩን ያመጣው መጽሐፉ ነው፤ ማስታወቂያውን ያመጣው ተከታዩ ነው። ከሰንሰለቱ መጨረሻ የሚገኘው ብር ወደ ጸሐፊው የሚመለስበት መንገድ የለም።

በጸሐፊው በኩል ያለውን ሒሳብ የመንደሩ ሰው አያውቀውም ወይም ማወቅ አይፈልግም። እዚህ አገር ብዙው ደራሲ አሳታሚም ራሱ ነው። ከደመወዙ ቆጥቦ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ለማተሚያ ቤት ቅድሚያ ይከፍላል። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነውና የምንዛሪው ዋጋ በተናጋ ቁጥር የገጹ ዋጋም ይናጋል። መጽሐፉ ሲወጣ አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ጠቀም ያለ ድርሻውን ያነሳል፤ ያልተሸጠውን ይመልሳል፤ የተሸጠውንም ገንዘብ በቀጠሮ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ደራሲው ዕዳውን የሚወጣው መጽሐፉ አዲስ በሆነባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ወሬው ሳይበርድ፣ አዟሪው ቁልሉን ታቅፎ ካፌ ለካፌ ሲዞር። ፒዲኤፉ የሚለቀቀውም ልክ በዚያው ሰሞን ነው፤ ተከታይ የሚያመጣው አዲስ መጽሐፍ ስለሆነ። ሁለተኛ እትም ያጣ ደራሲ ሦስተኛ መጽሐፉን ለምን እንዳልጻፈ አፍቃሪዎቹ ኋላ ይገረማሉ።

«ማስተዋወቅ ነው» የሚለው ግን ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው፤ አክብሬ ልመልስለት እወዳለሁ። አፍቃሪዎቹ ሁሌ የሚጠቅሱት ታሪክ የኪቦርድ ተጫዋቹን የኃይሉ መርጊያን ነው። ኃይሉ በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት ከነበረው ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 (የዚህ ታሪክ ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ዋሽንግተን ቀረ። ባንዱ ተበተነ፤ ኃይሉም ታክሲ ነጂ ሆነ። ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሽምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ በበኩሉ ከ2006 ጀምሮ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚል ስም የአፍሪካን ካሴቶች በኢንተርኔት በነጻ ያጋራ ነበር። ኃይሉ በ1985 የሠራው «ሸሞንሟናዬ» ካሴት ባሕር ዳር ላይ እጁ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ አውሮፓንና አሜሪካን ዞረ፣ በስተርጅና አዲስ አልበም አወጣ። «ታዲያ ነጻ ማጋራት ባይኖር ኃይሉን ማን ያስታውሰው ነበር?» ይሉናል።

ታሪኩ እውነት ነው፤ መሐሉ ግን ተቆርጧል። ሽምኮቪትዝ በ2011 ከነጻ ማጋራቱ በተጨማሪ ሙዚቃ ማሳተም ጀምሮ፣ ትርፉን ከባለሥራዎቹ ጋር እኩል መካፈልን መርሕ አድርጎ ነበር። የኃይሉን ካሴት ሲያገኝ ፋይሉን ለቆ «ስሙን ጠቅሻለሁ» አላለም። ሰውዬውን ፈለገው፤ ስልክ ደወለለት፤ ተነጋገሩ፤ ተስማሙ። «ሸሞንሟናዬ» በ2013 እንደገና የታተመው ከዚህ በኋላ ነው። «ጨ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ፤ «ላላ በሉ» የተባለው አዲስ ሥራ በ2018፣ «የኔ ምርጫ» በ2020 ወጡ። ካሴቱ ተቀድቶ ያለ ፈቃድ ቢለቀቅ ኖሮ ጥቂት ሺህ ሰብሳቢዎች «እንዴት ያለ ድንቅ ኪቦርድ!» ብለው ያደንቁ ነበር፤ ኃይሉ ግን ታክሲው ውስጥ ሆኖ ይህንኑ ሳይሰማ ይቀር ነበር። ሕይወቱን የለወጠው የስልኩ ጥሪ ነው። ነጻ ማጋራትን ለዓመታት የሠራበት ሰው ራሱ ለኃይሉ ሥራ መጠየቅን ከመረጠ፣ እኛ ሳንጠይቅ እየለቀቅን በእሱ ስም የምንምለው ለምንድን ነው?

ማስተዋወቅ የፈለገ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ይለጥፋል፤ ከወደደው ገጽ አንድ አንቀጽ ይጠቅሳል፤ ሽፋኑን ያሳያል፤ የሚሸጥበትን መደብር ይናገራል። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ገጽ ያስነበበን ሰው ከዚያ በኋላ ምኑን ግዙ ይለናል?

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር «ኦሮማይ» ነው፤ ይህን ሳይመልሱ ማለፍ ፍርሃት ይሆናል። የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን በስውር ሲገለበጥ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ ለትውልድ ደረሰ። የሰብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ም ከመታተሙ በፊት በቅጂ ሲዞር የኖረ ሥራ ነው። የዛሬ አድሚኖች ራሳቸውን የእነዚያ ገልባጮች ወራሽ አድርገው ያያሉ፤ «ያኔም ሕገ ወጥ ነበር፣ ግን ሥነ ጽሑፋችንን አተረፈ» ይላሉ።

አተረፈ፤ አልከራከርም። ግን ማን ከማን ቀማ? «ኦሮማይ»ን ከበዓሉ የቀማው መንግሥት ነበር፤ ገልባጮቹ ለደራሲው ወገኑ። በዓሉ ያን መጽሐፍ እንዲነበብ ብሎ ሁሉን ነገር አደጋ ላይ እንደጣለ ለማወቅ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም ነበር። የገለበጠው ሰውም ከስሙ ጋር የተያያዘ ምንም ጥቅም አልነበረውም፤ ቢያዝ የሚጠብቀው መከራ ብቻ ነው፤ በየገጹ አርማ ሊያትምበት ቀርቶ እጅ ጽሑፉ እንዳይታወቅበት የሚሰጋ ሰው ነው። የዘንድሮው ልብ ወለድ ደራሲ ግን አልታሰረም፣ መጽሐፉ አልተለቀመም፤ ለገሃርና አራት ኪሎ መደርደሪያ ላይ ተኮልኩሏል። ሰውየው ራሱ ቴሌግራም አለው። ሊጠየቅ ይችላል። እንዲያውም ሳይጠየቅ መልሷል፤ መልሱ ያለው አድሚኑ ሳያነሳ በዘለለው ገጽ ላይ ነው።

«መጽሐፍ መዋዋስስ? የመንገድ ዳር መጽሐፍ አከራዮችስ?» ለሚለው አጭር መልስ ይበቃዋል። የተዋሰ መጽሐፍ ከአንዱ እጅ ሲገባ ከሌላው እጅ ይወጣል፤ ለመቶ ሰው ቢከራይ ያው አንድ የተገዛ ቅጂ ነው። ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው፤ ወመዘክር ገብቶ በነጻ ያነበበ ሰው ማንንም አልጎዳም። ፋይል ግን ሲሰጥ አይጎድልም፤ ያባዛል እንጂ አያዋስም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው አንባቢ ነገር ነው። ፖስታ አይደርሳትም፤ መጽሐፍ መደብር በአጠገቧ የለም፤ የእረፍት ቀኗ ስንት እንደሆነ እናውቃለን። በአማርኛ የምታነበው ነገር መፈለጓ ከማንኛችንም በላይ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ቻናሎቹ በእሷ ስም ሲከራከሩ ግን ፋይሉ እሷ ዘንድ ብቻ እንደማይሄድ ይረሳሉ፤ መጽሐፍ መደብሩ ፊት ለፊት ማኪያቶ የሚጠጣውም ያንኑ ነው የሚያወርደው። ለእሷ ያሰበ አድሚን ሌላ የሚሠራው ሥራ አለው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተከታይ ይዞ ወደ ደራሲው ቢሄድ «ውጭ አገር ያሉ አንባቢዎችህ ይህን ያህል ናቸው፤ በምን መንገድ እናድርስላቸው?» ሊለው ይችላል። ይህን ያህል አንባቢ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ያየ የአማርኛ ደራሲ ስንት አለ? አንዳንዱ በነጻ ይሰጣል፤ አንዳንዱ በትንሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ሌላው እንደ ተራኪ ባሉ የድምፅ መጽሐፍ መተግበሪያዎች ላይ እንዳለ ይናገራል። አሁን ግን የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ የሚመልስ የለም።

ለዓይነ ስውራን ለማድረስ ነው የሚሉ ደግሞ የተሻለ መሬት ላይ ቆመዋል። የማራካሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው ለዚሁ ነው፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ጣት የገባበት የጎበጠ ፎቶ ግን ለዓይነ ስውር ምን ይጠቅማል? የስልኩ ድምፅ አንባቢ አያነበውም።

የሚገርመው ማንም የማይከለክለው ሰፊ ሜዳ ባዶውን መቅረቱ ነው። በአዋጁ መሠረት የጥበቃው ዘመን ደራሲው በሕይወት ያለበትና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1911፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1940 ዐርፈዋል። ሥራዎቻቸው የሁላችንም ናቸው። በጥሩ ስካነር ቢነሱ፣ እንደገና ቢጻፉ፣ ቃል የሚፈለግባቸው ሆነው ቢቀመጡ፣ አድሚኑ አርማውን ቢለጥፍበት እንኳ ቅር የሚለው ሰው የለም። ይህን በጥንቃቄ የሚሠሩ ጥቂቶች አሉ፤ ተከታያቸው ጥቂት ነው። ብዙው ቻናል የሚሻማው ባለፈው ወር በተመረቀው ልብ ወለድ ላይ ነው። ቅርስ ማዳን ነው የምንሠራው የሚለው ንግግር እዚህ ላይ ይነቃበታል።

በመሐል ቤት የሚገኙ ሥራዎች አሉ፤ እነሱ ናቸው በእውነት አስቸጋሪዎቹ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ውሰዱ። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ነው፤ አዋጁ በወጣበት ዓመት። መብቱ እስከ 2046 ለወራሾቻቸው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ቅጂ ደግሞ ሌላ ባለመብቶች ይጨምራል፤ ተራኪው አለ፣ ጣቢያው አለ። ይህን ትረካ ዩቲዩብ ላይ የሚጭን ሰው «ወጋየሁ ንጋቱ» ብሎ ርዕሱ ላይ ሲጽፍ የሁሉንም ዕዳ የከፈለ ይመስለዋል። በትረካው ያደግን ሰዎች ደግሞ ይጥፋ ብለን አንመኝም፤ እኔም አልመኝም። ግን ከትረካው ጎን ማስታወቂያ ከፍቶ ገንዘቡን የሚሰበስበው ሰው ከአራቱ ከማን ነው? ከደራሲው ወገን አይደለም፣ ከተራኪው አይደለም፣ ከጣቢያውም አይደለም። አራተኛው ነው፤ ካሴት የገለበጠው። ቢያንስ ማስታወቂያውን ይዝጋ፤ የሦስቱንም ስም በሙሉ ይጻፍ፤ ወራሾቹን የሚያውቅ ካለ ያገናኘኝ ብሎ በይፋ ይጠይቅ። ወራሽ ሲመጣ ደግሞ ጉዳዩ የወራሹ ነው።

ከኅትመት ለጠፋ መጽሐፍም ይኸው ነው። «አታገኙትም» የሚባለው መጽሐፍ ደራሲ ብዙ ጊዜ እዚሁ ከተማ በጡረታ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ስልኩን የማያውቅ የለም። ልጆቹም ፌስቡክ ላይ አሉ። «መጽሐፍዎን የሚፈልጉ ሰዎች ስላሉ በነጻ ብንለቀው ይፈቅዱልናል?» የሚል መልእክት ለመጻፍ የሚወስደው ጊዜ አንድ ምዕራፍ ፎቶ ከማንሳት ያነሰ ነው። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው እንደሚፈቅዱ እገምታለሁ፤ ከነማስታወሻቸው፣ ከነእርማታቸው ጭምር። የማይፈቅድም ይኖራል። ያልመለሰ ግን ፈቀደ ማለት አይደለም፤ በሠርግ ሽማግሌ ልማድ እንኳ ዝም ያለ አባት ልጁን ሰጠ አይባልም፤ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ይሄዳሉ።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ ፋይሉ ከተለቀቀና ደራሲው «አጥፉልኝ» ብሎ ከመጣ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ይጠፋል፣ ክርክር ካለ ከዚያ በኋላ ይደረጋል። አሁን የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው። ፋይሉ እንዳለ ይቀመጣል፤ ደራሲው በአስተያየት መስጫው ላይ «ስግብግብ»፣ «ማን ያነብልሃል» ይባላል፤ ይህን የሚጽፉት መጽሐፉን ትናንት በነጻ አውርደው የጨረሱ ሰዎች ናቸው። አድሚኑም በዝምታ ይመለከታል። ያን ስድብ ማጥፋት የእሱ ሥራ ነው፤ ፋይሉን እንዳጠፋ በዚያው ቅጽበት ሊያደርገው ይገባል።